ከሦስቱ ስሞች በፊት

ነሐሴ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ የፓሪስ ኦሊምፒክ የወንዶች ማራቶን ሲጀመር፣ አዲስ አበባ ውስጥ የአገሬ ልጆች በሚያዘወትሩት ሻይ ቤት ተቀምጬ ነበር። ባለቤቱ የላይ ጋይንት ሰው ነው። ደንበኞቹም ከታች ጋይንት፣ ከስማዳ፣ ከእስቴ የመጡ ናቸው፤ ግንበኛው፣ ሹፌሩ፣ ተማሪው፣ ልጃቸውን ሊጠይቁ የመጡ አንድ ሽማግሌም ነበሩ። ፍልሰታ ገብቶ ስለነበር ሽሮው በጠዋት ተጥዷል። ክርክሩ ግን ከሽሮው ቀድሞ ፈልቶ ነበር። በቫሌንሲያ 2:01:48 የገባውና በዚያው ዓመት ቦስተንን ያሸነፈው ሲሳይ ለማ በጉዳት ቀርቷል፤ በእሱ ቦታ ተጠባባቂ ይሮጣል። «አለቀልን» አለ ሹፌሩ። አንዱ ቀነኒሳ በቀለ በ42 ዓመቱ መመረጡ በደል ነው ሲል፣ ሌላው የቀነኒሳን ስም በክፉ የሚያነሣ ሰው ከቤቱ ይውጣ አለ።

ከሁለት ሰዓት ከስድስት ደቂቃ ከ26 ሰከንድ በኋላ ያ ተጠባባቂ፣ ታምራት ቶላ፣ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ሰብሮ ገባ። በፓሪስ ያገኘነው ወርቅ ያ ብቻ ነው። ደሬሳ ገለታ አምስተኛ፣ ቀነኒሳ 39ኛ ሆኑ። ቤቱ በጩኸት ተናወጠ፤ እኔም እንባዬ መጣ። ጩኸቱ በረድ ሲል ክርክሩ ካቆመበት ቀጠለ፤ አሁን ደግሞ ታምራት ከመጀመሪያው ለምን ተጠባባቂ ተደረገ የሚል ነበር።

ይህን ክርክር ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ፤ ገብቼበትም ተከራክሬያለሁ። ዛሬ ግን ይጎዳናል ባይ ነኝ። ኦሊምፒክ በመጣ ቁጥር የአገሩ ሁሉ ልብ በሦስት የማራቶን ሯጮች ስሞች ላይ ይንጠለጠላል። ማን ገባ፣ ማን ተዘለለ፣ ማን በዘመድ ሄደ ይባላል። የከፋው ደግሞ አትሌቱ የየትኛው ብሔር ልጅ ነው ተብሎ የሚቆጠረው ነው፤ 42 ኪሎ ሜትር ሮጦ ሊወድቅ የደረሰን ሰው በዚህ መመዘን ነውር ነው፣ ከዚህ በላይ ቃል አላባክንበትም። ውጤት ሲያምር መራጩ ዐዋቂ፣ ሲከፋ ሌባ ይሆናል። በ2008 ዓ.ም. ቀነኒሳ ለሪዮ ሳይመረጥ ሲቀር አገር ጮኸ። ሪዮ ላይ ፈይሳ ሌሊሳ ብር ሲያመጣ መራጮቹ ልክ ነበሩ ተባለ። መስከረም 15 ቀን 2009 ዓ.ም. ቀነኒሳ በርሊንን በ2:03:03 ሲያሸንፍ ደግሞ ያው መራጭ ወንጀለኛ ሆነ። በቶኪዮ ኦሊምፒክ የማራቶን ቡድኑ ማጣሪያ ተሮጦ ነው የተመረጠው፤ ነሐሴ 2 ቀን 2013 ዓ.ም. ሳፖሮ ላይ ሦስቱም ወንዶች አቋርጠው ወጡ። ከዚህ ሁሉ ምን ተማርን? የመምረጫው መስፈርት አስቀድሞ በግልጽ ይነገር የሚለው ጥያቄ ትክክል ነው፤ እኔም እጠይቃለሁ። መስፈርቱ ቢነገርና ቢከበር እንኳ ግን መራጩ የሚመርጠው ፊቱ ከቀረቡለት ሰዎች መካከል ነው። እነዚያን ማን አቀረባቸው?

አንድ ነገር ላስታውስ። ሰኔ 1 ቀን 2013 ዓ.ም. ለቶኪዮ ኦሊምፒክ የኢትዮጵያ የመም ሩጫ ማጣሪያ የተካሄደው ኔዘርላንድ፣ ሄንግሎ ከተማ ነው። ለተሰንበት ግደይ የ10,000 ሜትርን የዓለም ክብረ ወሰን በ29:01.03 የሰበረችው በዚያ ማጣሪያ ላይ ነበር። ምክንያቱን አልንቅም፤ ደጋችን አየሩ ስስ ነው፣ እዚህ ተሮጦ ለኦሊምፒክ የሚያበቃ ሰዓት ማምጣት ይከብዳል። ነገር ግን ሄንግሎ የሚደርሰው ፓስፖርት፣ ወኪልና ክለብ ያለው ነው። ያ ሰው ሄንግሎ ከመድረሱ በፊት ብዙ ጊዜ ተመርጧል፤ መጀመሪያ የመረጠው ደግሞ ምናልባት አንድ መምህር ነው።

የሯጮች መፍለቂያ የሆነችውን የበቆጂን ታሪክ ሁሉም ያወራል፤ የሚያወራው ግን ስለ አየሩና ስለ ገብሱ ነው። በቆጂ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነች። የላይ ጋይንቷ ንፋስ መውጫ ከ3,000 ሜትር በላይ ነች። ፋርጣ፣ ላይ ጋይንትና እስቴ የሚጋሩት ጉና ተራራ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። ገብሱም አለ፣ ብርዱም አለ፣ ትምህርት ቤት ለመድረስ ዳገት የሚወጣው ሕፃንም አለ። ከፍታ ብቻውን ሯጭ ቢያደርግ ኖሮ በሻይ ቤቱ ክርክር አንድ የእኛን አገር ስም መስማት ነበረብኝ። አልሰማሁም፤ ይህ ለምን ሆነ ብሎ የጠየቀም አልነበረም። በቆጂን በቆጂ ካደረጓት አንዱ ስንታየሁ እሸቱ ናቸው፤ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነበሩ። ደራርቱ ቱሉ በ1984 ባርሴሎና ላይ፣ ፋጡማ ሮባ በ1988 አትላንታ ላይ ወርቅ ከማጥለቃቸው በፊት እኚህ ሰው ልጆቹን በማለዳ ጫካ ይዘው ይወጡ ነበር። ቀነኒሳንና ጥሩነሽ ዲባባንም ያዩት እሳቸው ናቸው። የሰሩት ነገር ከባድ ምርምር አይደለም። ልጅ ሲሮጥ አዩ፣ ሰዓት ያዙ፣ ነገም ና አሉት።

«ተሰጥኦ ራሱን ያወጣል፤ አበበ ቢቂላን ማን አሠለጠነው?» የሚለኝ አለ። አበበን ያሠለጠኑት ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን ናቸው፤ ለዚያ የበቃውም የክብር ዘበኛ ወታደር ስለነበር ነው። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በባዶ እግሩ ሮምን በ2:15:16 ያሸነፈው ሰው ወደ ቡድኑ የገባው በመጨረሻ ነው፤ ሯጩ ዋሚ ቢራቱ መሄድ ስላልቻለ መሆኑ ሲነገር ኖሯል። ያ አጋጣሚ ሊያገኘው የቻለው ግን ሰዓት የሚይዝለት ሰው ባለበት ግቢ ውስጥ ስለነበረ ነው። በመንደሩ ከብት ሲጠብቅ ቀርቶ ቢሆን፣ ሁሉም ሯጭ ቢታመም እንኳ የሚጠራው አልነበረም።

እኔ የተማርኩት ጉና ሥር ባለ የገጠር ትምህርት ቤት ነው። የስፖርት ክፍለ ጊዜ ማለት መምህሩ ደብተር የሚያርምበት፣ እኛ በጨርቅ ኳስ የምንራገጥበት ሰዓት ነበር። በዓመት አንድ ጊዜ የወረዳ ውድድር ይመጣል። አንድ ዓመት ከእስቴ በኩል የመጣች ልጅ፣ እድሜዋ ከእኔ የማይበልጥ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ ረጅሙን ሩጫ ሮጠች። ሁለተኛዋ ገና ከሜዳው ማዶ ሳለች እሷ ገብታ ቆማለች። ስድስት ደብተር ተሸለመች። ሰዓት የያዘላት የለም፤ ዙሩ ስንት ሜትር እንደሆነ የሚያውቅም አልነበረም። በዓመቱ ስጠይቅ ተድራለች አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ስለ ቡድን ምርጫ ሲወራ በሰማሁ ቁጥር ቀድማ የምትታየኝ እሷ ናት፤ እሷን ያስቀራት መራጭ ደግሞ በየትኛውም ሻይ ቤት ተወቅሶ አያውቅም።

ዛሬ ከዚያም ብሷል። ሳፖሮ ላይ ሦስቱ ያቋረጡ ሰሞን፣ በዚያው ነሐሴ፣ ጦርነት ንፋስ መውጫ ገብቶ ነበር። ከዚያ በኋላ በመጣው ግጭት በአማራ ክልል ብዙ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ከርሟል። ትምህርት ቤት የተዘጋበት ልጅ የወረዳ ውድድር የለውም፤ ስለዚህ ስድስት ደብተርም የለውም። ሰላም እስኪመጣ ይጠበቅ የሚለኝን ግን አልቀበልም። ትምህርት በሚሰጥበት ቦታ ሁሉ ሜዳው በገመድ 400 ሜትር ተለክቶ ችካል ይተከልበት። አንድ መምህር በእጅ ስልኩ ሰዓት ይያዝ፤ የልጁ ስም፣ ርቀቱና ሰዓቱ በመዝገብ ይጻፍ፤ መዝገቡ ከወረዳ ወደ ደብረ ታቦር፣ ከዚያም ወደ ባሕር ዳር ይሂድ። እኛ ከተማ የገባነው በየኦሊምፒኩ ለክርክር የምናወጣውን ጉልበትና የሻይ ገንዘብ ወደዚህ ብናዞረው ብዙ ሜዳ ይለካል። ለአትሌቲክስ ፌዴሬሽኑ የምንጮኸውን ያህል ለወረዳው ስፖርት ጽሕፈት ቤት ጮኸን እናውቃለን? እኔ አላውቅም፣ ያሳፍረኛልም።

ያን ዕለት ሻይ ቤቱ ሊበተን ሲል ሽማግሌው ወደ እኔ ዘወር አሉና «ልጄ፣ ይህ 42 ኪሎ ሜትር የሚሉት በእኛ አገር ከየት እስከ የት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ለቤቱ አስተላለፍኩት። አንዱ ከንፋስ መውጫ ተነሥቶ አርብ ገበያን ያልፋል አለ፤ ሌላው ወገዳ አያደርስም አለ፤ የእስቴው ልጅ ከመካነ ኢየሱስ ወደ ላይ ቆጠረ። የሲሳይን የቫሌንሲያ ሰዓት እስከ ሰከንዱ የሚያውቁት ሁሉ ሳይስማሙ ሂሳብ ከፍለው ወጡ።