«አመመኝ» እና «ፈራሁ»

ጀሪካኑ ቢጫ ነው፤ ሃያ ሊትር ይይዛል። በሰፈራችን ውሃ የሚመጣው በፈረቃ፣ ያውም ሌሊት ነው። ከግቢው ቧንቧ እየቀዱ ሁለተኛ ፎቅ ወዳለው ቤታችን ማውጣት የዓመታት ሥራዬ ነበር። ወገቤን ከተጎዳሁ በኋላ ሥራው የባለቤቴና የአሥራ አራት ዓመቷ ልጄ ሆነ። ሰባት ወር ሙሉ ደረጃው አናት ላይ ቆሜ፣ ልጄ ጀሪካኑን በሁለት እጇ አንጠልጥላ በየሦስት ደረጃው እያሳረፈች ስትወጣ አየሁ። «ተይው፣ እኔ ላንሳው» የሚለው ቃል ጉሮሮዬ ድረስ ይመጣና ይመለሳል። ከወገቤ ሕመም ይልቅ እንቅልፍ የነሳኝ ይሄ ነው።

ብረት መግፋት የጀመርኩት በተማሪነቴ ነው። የዱቄት ወተት ጣሳ ውስጥ ሲሚንቶ አቡክተን ሞልተን፣ ሁለቱን ጣሳዎች በቧንቧ ብረት አገናኝተን በሠራነው ክብደት። የእኔ ዘመን የሰፈር ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። ከዚያ ወዲህ ከሃያ ዓመት በላይ ከብረት ተለይቼ አላውቅም ነበር። ሐሳብ ሲበዛብኝ የምሄደው ወደዚያ ነው፤ ተኮራርፌ የገባሁበትን ጂም ታርቄ የወጣሁበት ቀን ብዙ ነው። ጉዳቱም የደረሰብኝ እዚያው ነው። ዴድሊፍት (ብረቱን ከመሬት አንስቶ ቀጥ ማለት)፣ 130 ኪሎ፣ አምስተኛው ማንሳት ላይ። ሳምንቱን በቅጡ ያልተኛሁበት ጊዜ ነበር፤ ሦስተኛው ላይ ሰውነቴ በቃኝ ብሎኝ ነበር፤ አልሰማሁትም። ከወገቤ በታች አንድ ነገር እንደ አሮጌ ጨርቅ ሲተረተር ተሰማኝ። ብረቱን ለቅቄ ተንበረከክሁ። በማግስቱ ካልሲዬን ማጥለቅ አቃተኝ፤ ሕመሙ ከወገቤ ተነስቶ በግራ መቀመጫዬ በኩል እስከ ባቴ ወርዶ ነበር።

ከዚያ ቃላት መጡ። ጠያቂ ሲመጣ ባዶ እጁን እንደማይመጣ ሁሉ ባዶ አፉንም አይመጣም። አንዷ ጎረቤታችን እንዲሁ ጀምሮት አልጋ ላይ ስለቀረ ዘመዷ አጫወተችኝ። ወጌሻው እጁ መልካም ነበር፤ ካሸኝ በኋላ ቀለል ይለኝ ነበር። ግን «ወገብህ ወልቋል» አለኝ። ኤምአርአይ ተነሳሁ። ውጤቱን ያየው ሐኪም ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሳ «ዲስክህ ተንሸራቷል፤ ከእንግዲህ ከአምስት ኪሎ በላይ የሚባል ነገር እንዳትነካ» ብሎ ሸኘኝ። አጠገቤ የተቀመጠችው እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ያን ቀን ወደ ቤት የተመለስኩት እንደ ብርጭቆ በጥንቃቄ የሚያዝ ሰው ሆኜ ነው።

«ወለቀ» እና «ተንሸራተተ» የሚሉት ሁለት ቃላት ከዲስኩ በላይ ጎድተውኛል፤ ይህን ዛሬ ያለ ማመንታት እናገራለሁ። ዲስክ ከአጥንት መካከል እንደ ሳሙና ተንሸራትቶ አይወጣም። ከላይና ከታች ካሉት የአከርካሪ አጥንቶች ጋር የተያያዘ ጠንካራ ነገር ነው። የሚሆነው፣ የውጪው ቀለበት ሲዳከም ወይም ሲሰነጠቅ ውስጡ ያለው ለስላሳ ክፍል ወደ ውጭ መግፋቱና አንዳንዴ አጠገቡ ያለውን ነርቭ ማስቆጣቱ ነው። ይህ ያማል፤ በጣም ያማል። ነገር ግን አብዛኛው ሰው ያለ ቀዶ ሕክምና በሳምንታት ወይም በወራት ይሻለዋል፤ ወደ ውጭ የወጣውንም ክፍል ብዙ ጊዜ ሰውነት ራሱ ቀስ በቀስ ይመጠዋል። እኔ ግን «ወልቋል» የተባለ ነገር እንደማይመለስ አድርጌ ነው የሰማሁት። የወለቀ በር ይታየኝ ነበር።

የኤምአርአዩን ወረቀት ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀምጬ፣ ማታ ማታ እያወጣሁ አነበው ነበር። ያኔ ያላወቅሁት ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ፣ 33 ጥናቶችን ያሰባሰበ አንድ ግምገማ፣ ምንም የጀርባ ሕመም የሌለባቸውን ከ3 ሺህ በላይ ሰዎች የአከርካሪ ምስል ተመልክቷል። በሃያ ዓመታቸው ገደማ ካሉት 37 በመቶዎቹ፣ በሰማንያዎቹ ካሉት ደግሞ 96 በመቶዎቹ ዲስካቸው ማርጀት ጀምሯል። ዲስኩ አበጥ ብሎ የታየባቸው በሃያዎቹ 30 በመቶ፣ በሰማንያዎቹ 84 በመቶ ናቸው። እነዚህ ሰዎች አልታመሙም! ሥራቸውን ይሠራሉ፣ ልጅ ያቅፋሉ፣ ዕቃ ያነሳሉ። በአርባዎቹ ዕድሜ የሚገኝ ሰው ወረቀቱ ላይ «ያረጀ» የሚል ቃል ቢያገኝ ፊቱ ላይ መስመር እንደማግኘት ነው። ይህን አንድ ሰው በዚያች ክፍል ውስጥ ቢነግረኝ ኖሮ ስንት ሌሊት ይተርፈኝ ነበር።

የነገረችኝ ከሰባት ወር በኋላ ያገኘኋት ወጣት ፊዚዮቴራፒስት ናት። እንደሌሎቹ «የት ጋ ያምዎታል?» ብላ አልጀመረችም። እግሬን እያነሳች፣ ጣቶቼን እየገፋች፣ ነርቮቼን በደንብ ከመረመረች በኋላ ወንበሯን ስባ ፊት ለፊቴ ተቀመጠችና «ጋሼ፣ ምን ይፈራሉ?» አለችኝ። መልስ ሳይሆን የጀሪካኑ ታሪክ ከአፌ ወጣ። ልጄን፣ ደረጃውን፣ በየሦስት ደረጃው ማሳረፏን ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና «ጥሩ፤ እንግዲያው በጀሪካኑ እንጀምራለን» አለች።

አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው። አምስት ሊትር ቀድቼ፣ ከወንበር ላይ አንስቼ መልሼ እንዳስቀምጥ አዘዘችኝ፤ ስምንት ጊዜ፣ በሳምንት ሦስት ቀን። ሲለመድ ስምንት ሊትር። ከዚያ ከወንበር ወርዶ ከዱካ ላይ፣ ከዱካ ወርዶ ከመሬት። ደብተር ያዝኩ። ሕመሙን ከዜሮ እስከ አሥር በቁጥር እጽፋለሁ፤ በሚሠራበት ጊዜ አንድ፣ ማታ አንድ፣ በማግስቱ ጠዋት አንድ። እስከ ሦስት ከሆነ ይቀጥላል። እስከ አምስትም ቢደርስ፣ በማግስቱ ጠዋት ወደ ነበረበት ከተመለሰ ጉዳት አላደረሰም። ካልተመለሰ ውሃው ይቀነሳል፤ ሥራው ግን አይቆምም። ይህ እሷ የፈጠረችው አይደለም፤ የጅማት ጉዳት ያለባቸው ስፖርተኞች ለዓመታት የሚመለሱበት መንገድ ነው። ለእኔ ግን ትልቁ ነገር ፍርዱን ከቅጽበቷ አንስቶ ለማግስቱ ጠዋት መስጠቱ ነው። ሕመሙ በተሰማኝ ሰከንድ ዳኛው እኔ አልነበርኩም፤ ፍርሃቴ ነበር። ማግስት ጠዋት ላይ ግን አእምሮዬ ይረጋጋል፤ ደብተሩም አይዋሽም።

ከዚያ ደብተር ጋር ስኖር ነው አንድ ነገር ያስተዋልኩት። «ወገቤን አመመኝ» ስንል ግሡን የሚያዝዘው ተናጋሪው አይደለም። ስሙ ያልተጠራ አንድ ነገር አለ፤ እሱ ያማል፣ እኔ እቀበላለሁ። ራበኝ፣ ጠማኝ፣ በረደኝ፣ ደከመኝ፣ አመመኝ። እነዚህ ሰው ላይ የሚመጡ ናቸው፤ ሰው አይሠራቸውም። ፍርሃት ግን «ፈራሁ» ነው። ባለቤቱ እኔ ነኝ፤ እንደ ሸሸሁ፣ እንደ ተውኩ። (እርግጥ «አስፈራኝ»ም እንላለን፤ ግን ያኔ አስፈሪው ይታወቃል፣ ብረቱ ወይም ደረጃው አስፈራኝ እንላለን። እኔን ያስፈራኝ ብረቱ አልነበረም።) ለሰባት ወራት ሁለቱን አንድ አድርጌ ኖሬያለሁ። ስለዚህ ደብተሩ ላይ ሁለት ዓምድ አሰመርኩ፤ በአንዱ «አመመኝ»፣ በሌላው «ፈራሁ»። የመጀመሪያው ወር ላይ አምስት ሊትር ሳነሳ የመጀመሪያው ዓምድ 2፣ ሁለተኛው 8 ይላል። ገጹን እያየሁ ብዙ ቆየሁ።

ፍርሃት ሥራ አለው፤ ያላየነው ሥራ። ጎንበስ ማለት የፈራ ሰው ጎንበስ አይልም፤ ጎንበስ ያላለ ወገብ ይደርቃል፤ ጡንቻው ይሟሽሻል፤ አንድ ቀን ግድ ሆኖበት ሲያጎነብስ ያመዋል፤ ያ ሕመም ደግሞ «ይኸው፣ ትክክል ነበርኩ» ያሰኘዋል። እኔ ካልሲ ሳጠልቅ እንኳ ትንፋሼን ይዤ፣ ሆዴንና ጀርባዬን እንደ ቡጢ ጨብጬ ነበር። እንደዚያ ተጨብጦ የሚውል ጡንቻ ባይጎዳም ያማል።

በ1995 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ አንድ አጭር ዘገባ አለ። የ29 ዓመት ግንበኛ ዘልሎ ሲወርድ 15 ሳንቲ ሜትር ሚስማር በጫማው ሶል ገብቶ በላይ ወጣ። ሚስማሩ ትንሽ ሲነካ ሰውዬው ስለሚጮህ ሐኪሞቹ ኃይለኛ ማስታገሻ ሰጥተው ሚስማሩን ነቀሉ፤ ጫማውን ሲያወልቁ ሚስማሩ በጣቶቹ መካከል አልፏል፤ እግሩ አልተነካም። ይህን ሳነብ ሰውዬው አስመሰለ ብዬ አላሰብኩም። ሕመሙ እውነተኛ ነበር። አእምሮው ያየውን ሚስማር አመነ፣ ሰውነቱን ለመጠበቅም ጮኸ። የዓለም የሕመም ጥናት ማኅበርም እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ ሕመምን የአካል ስሜት ብቻ ሳይሆን የመንፈስም አድርጎ ነው የሚተረጉመው። እኔም ቁም ሣጥኔ ውስጥ የራሴ ሚስማር ነበረኝ፤ ወረቀት ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። ሽንት መቆጣጠር ካቃተ፣ በጭኖች መካከል ከደነዘዘ፣ እግር እየሰነፈ ከሄደ ይህ የደብተርና የጀሪካን ጉዳይ አይደለም፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል መሄድ ነው። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና ክብደት መቀነስ የተከተሉት የጀርባ ሕመምም እንዲሁ በፍጥነት መመርመር አለበት፤ በሀገራችን የአከርካሪ ቲቢ ያለ በሽታ ነው።

ስለ መቻል ደግሞ። እኛ ስለ ሕመም የምናወራው በጀግኖቻችን በኩል ነው። አበበ ቢቂላ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና አድርጎ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1964 ቶኪዮ ላይ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ አሸነፈ። ይህን እየሰማን አደግን፤ ጂም ውስጥም አንዱ ፊቱን ሲያጨማድድ ሌላው «ቻለው!» ይለዋል። እኔም ሦስተኛው ላይ ራሴን ያልኩት ይህንኑ ነው። የቀነኒሳን ታሪክ ግን እስከ መጨረሻው ስናወራ አልሰማሁም። እ.ኤ.አ. በ2010 የባት ጉዳት ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ ከውድድር አራቀው። በነሐሴ 2011 እ.ኤ.አ. ዴጉ ላይ በ10 ሺህ ሜትር ተመልሶ ገባ፤ ሩጫውን ሳይጨርስ አቋርጦ ወጣ። የዓለም ባለክብረ ወሰኑ፣ ዓለም እያየው፣ ከመም ወጣ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ብራስልስ ላይ በ26 ደቂቃ ከ43 ሰከንድ የዓመቱን ፈጣን ሰዓት ሮጠ። እ.ኤ.አ. በ2019 በርሊን ላይ ማራቶንን 2:01:41 ገባ፤ ከወቅቱ የዓለም ክብረ ወሰን 2 ሰከንድ ብቻ የዘገየ። ለወጣቶቻችን ከበርሊኑ ይልቅ የዴጉን ምሽት ብናወራላቸው እመርጣለሁ።

ወደ ጂም የተመለስኩት ከዘጠኝ ወር በኋላ ነው። ባዶውን ባር፣ ሃያ ኪሎውን፣ በእጄ ስይዝ የብረቱ ቅዝቃዜና የእጅ መያዣው ሻካራነት ወዲያው አወቀኝ። አንስቼ አስቀመጥኩ። አጠገቤ ያለው ልጅ መቶ ኪሎ ጭኖ ነበር፤ ዞር ብሎም አላየኝም። በየሳምንቱ ሁለት ኪሎ ተኩል፣ አንዳንዴም ምንም።

በአራተኛው ወር አገረሸብኝ፤ ያውም ብረት ሳነሳ ሳይሆን የወደቀ እስክሪብቶ ላነሳ ጎንበስ ስል። የመጀመሪያው ዓምድ ላይ 7 ጻፍኩ። የድሮዎቹ ቃላት ተሰልፈው መጡ፤ ወልቋል፣ ተንሸራቷል፣ አልጋ ላይ ቀረ። ወለሉ ላይ በጀርባዬ ተኝቼ፣ እግሬን ወንበር ላይ ሰቅዬ፣ ትንፋሼን በረጅሙ እየለቀቅሁ ሕመሙን እንደ እንግዳ ጠየቅሁት። የት ነህ? ወገብ፣ በግራ። ወደ እግር ወርደሃል? አልወረድክም። ትወጋለህ ወይስ ትጎትታለህ? ትጎትታለህ። ስጠይቀው ትልቅነቱ ሳይቀንስ ዳር ያለው ነገር ሆነ። ማታ ላይ ሃያ ደቂቃ በእግሬ ሄድኩ። በማግስቱ 5፤ አሥር ሊትር ብቻ አነሳሁ። በአራተኛው ቀን 2። በዚያ ሳምንት ሁለተኛው ዓምድ ላይ የጻፍኩት ከፍተኛ ቁጥር 4 ነው፤ እሱን ከማንኛውም ኪሎ አስበልጬ እቆጥረዋለሁ።

አሁን ዴድሊፍቴ 90 ኪሎ ነው። 130 ይመለስ አይመለስ እንጃ። ወገቤ አሁንም ዝናብ ሲበዛ፣ ብዙ ስቀመጥ፣ ሐሳብ ሲከብደኝ ያመኛል።

ባለፈው ሐሙስ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ቧንቧው ሲንኮራኮር ሰምቼ ነቃሁ። ልጄም ነቅታ በፒጃማዋ ወጣች፤ «ተኚ፣ ነገ ትምህርት አለሽ» አልኳት። አልተኛችም፤ ደረጃው አናት ላይ፣ እኔ ድሮ እቆምበት የነበረው ቦታ ላይ ቆመች። የመጀመሪያውን ጀሪካን አንስቼ ሳላሳርፍ ወጣሁና ወጥ ቤት አስቀመጥኩት። ቀና ስል እጄ ሳላስበው ወገቤን ያዘ፤ አየችው።

«አባዬ፣ አመመህ እንዴ?»

«አዎ፣ ትንሽ አመመኝ» አልኳትና ሁለተኛውን ላመጣ ወረድኩ።