ልጡና እባቡ

በትምህርት ክፍላችን የሂንዱ ፍልስፍና በተነሣ ቁጥር «ዓለም ሕልም ነው፣ ሁሉም አንድ ነው ይላሉ» ተብሎ ይዘጋል። «አፍሪካ ፍልስፍና የላትም» ሲሉን የምንቆጣ ሰዎች የሌላውን በአንድ ዐረፍተ ነገር ስንጨርስ ግን ያሳፍራል።

የ8ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሊቅ ሻንካራ ምሳሌው በጨለማ እባብ መስሎ የታየ ገመድ ነው። እኛስ አምባሰል «እባብ ያየ በልጥ በረየ» እንል የለ! ልብ በሉ፤ ልጡ አለ። የሰውዬው ድንጋጤም የምር ነው። ልጡ፣ ማለትም ብራህማን፣ እስኪታወቅ ድረስ እባቡ አይጠፋም ነው የሚለው። ስለዚህ «ማያ»ን «ከንቱ» ብሎ መተርጎም፣ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ስንፍና ነው። ከንቱ የምንለው ዋጋ የሌለውን ነው፤ ማያ ግን የማወቅ ጉዳይ ነው።

ደግሞስ ሂንዱ ሁሉ ሻንካራን ይከተላል ያለው ማነው? በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ አባ ኢየሱስ ሞዐ በሐይቅ እስጢፋኖስ ሲያስተምሩ፣ በደቡብ ሕንድ ማድቫ የተባለው ሊቅ «ፈጣሪና ዓለም ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው» ብሎ ተነሥቷል። የሐይቅ መነኮሳት ይህን ቢሰሙ ባልተቃወሙት ነበር። ነፍስም ቁስም መጀመሪያ የላቸውም ማለቱን ግን በጭራሽ አይቀበሉትም።