ጥንቸልን ያለ አርጩሜ ማስተማር

ልጆች ጥንቸል እንዲያሳድጉ በተፈቀደበት ቤት ከአረጋውያን አንዱ ሳይጠይቀው የማይቀር ጥያቄ አለ። «ሥጋዋ ለማይበላ፣ ለማትታለብ፣ ቤት ለማትጠብቅ እንስሳ ይህን ሁሉ ድርቆሽ ማቅረብ ምን ይረባል?» ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ጥንቸል ከማይበሉት እንስሳት ጋር ተቈጥራለች፤ ምእመናንም ይህንን ሥርዓት ጠብቀው ኖረዋል። ስለዚህ በእኛ ቤት ያለች ጥንቸል ለድስት የምትቀለብ አይደለችም። ጥቅሟ ሌላ ነው፤ ይኸውም ሕፃኑ እርሷን ጥቂት ጨዋታ ሲያስተምር፣ ደካማ ፍጥረት በምን መንገድ እንደሚማር ራሱ ይማርባታል። ወላጆቹም አጠገቡ ተቀምጠው ቢመለከቱ ሳይማሩ አይነሡም።

ውሻ ቢመታም ወደ ጌታው ይመለሳል፤ በቅሎም አለንጋውን ችላ መንገዷን ትሄዳለች። ጥንቸል ግን እንዲህ አይደለችም። የመታትን እጅ ለብዙ ቀን ትሸሸዋለች፤ ያው እጅ ካሮት ይዞ ቢመጣ እንኳ ከሣጥኗ ጥግ አትወጣም። እንግዲህ እርሷን ለማስተማር የሚፈልግ ሁሉ አርጩሜውን ከደጅ ጥሎ መግባት ግድ ይሆንበታል።

የዚህም ምክንያት ተፈጥሮዋ ነው። በአገራችን ሜዳ የምናያት የዱር ጥንቸልና በቤት የምትረባው በስም አንድ ይሁኑ እንጂ በዘር ይለያያሉ። የዱሯ ጠጕር የለበሱና ዓይናቸው የተከፈተ ግልገሎች በሜዳ ላይ ትወልዳለች። ዘሯ ከወደ እስፓንያ ምድር የመጣው የቤቷ ጥንቸል ግን ግልገሎቿን ራቁታቸውንና ዓይናቸው እንደ ተጨፈነ ትወልዳቸዋለች። ስለዚህ ልጆች የዱሯን አሳድደው ይዘው ለማላመድ አይድከሙ። ሁለቱም ግን ለቀበሮና ለንስር የሚታደኑ ናቸውና ፈጣሪ የሰጣቸው ጋሻ ፍርሃትና ሩጫ ነው። ፍርሃቷን እንደ ጥፋት ቈጥሮ የሚቀጣት ሰው የሚቀጣው የተፈጠረችበትን ጠባይ ነው።

የአካሏንም ሁኔታ ማወቅ ያስፈልጋል። ዓይኖቿ በጭንቅላቷ ግራና ቀኝ ስለ ተቀመጡ ከኋላዋና ከበላይዋ የሚመጣውን ታያለች፤ ከአፍንጫዋ ፊት ያለውን ጥቂት ቦታ ግን አታይም። ምግብ ከአፏ ሥር ሲቀርብላት የምታገኘው በማሽተትና በከንፈሯ በመዳሰስ ነው። ይህንን ያላወቀ ልጅ «ፊቷ ያለውን የማታይ ደደብ ናት» ብሎ ይፈርድባታል። ደግሞም አጥንቷ ቀጭን፣ የኋላ እግሮቿ ግን ብርቱዎች በመሆናቸው፣ ያለ ድጋፍ ተነሥታ ብትራገጥ የገዛ አከርካሪዋን ልትሰብር ትችላለች። በጆሮዋ ማንጠልጠልማ ጭካኔ ነው። ማንሣት ግድ ሲሆን አንዱ እጅ ደረቷን፣ ሁለተኛውም መቀመጫዋን ደግፎ ወደ ገላ ማስጠጋት ይገባል።

ትምህርቱ የሚጀመረው ምንም ባለማስተማር ነው። ሕፃኑ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከምንጣፍ ወይም ከሰሌን ላይ ዝም ብሎ ይቀመጥ፤ አይጥራት፤ አያሳድዳት። እርሷ ራሷ ቀርባ ልብሱን ታሽት። የኋላ እግሯን ከመሬት ጋር ብታጋጭ ፈርታለች ማለት ነውና ይተዋት። ተዘርግታ ብትተኛ፣ ወይም ወደ ላይ ዘልላ ገላዋን በአየር ላይ ብታጣምም፣ ልቧ እንዳረፈ ይወቅ።

ከዚህ በኋላ የመጀመሪያው ትምህርት ስትጠራ መምጣት ነው። ሕፃኑ አንድ ስም ወይም አንድ የምላስ ድምፅ ይምረጥ፤ እርሱንም አይለዋውጥ። በሽምብራ ፍሬ ልክ የተቈረጠ ካሮት ይዞ ከአንድ ስንዝር ርቀት ይጥራት፤ በመጣች ጊዜ ወዲያው ይስጣት። ዋጋው ጥቂት እንኳ ቢዘገይ የተሰጣት ስለ የትኛው ሥራ እንደ ሆነ አታውቅም። በማግሥቱ ከሁለት ስንዝር፣ በኋላም ከክንድ፣ ቀስ በቀስም ከክፍሉ ማዶ ይጥራት። ሁለተኛው ትምህርት በኋላ እግሮቿ መቆም ነው፤ ካሮቱን ከአፍንጫዋ በላይ ጥቂት ከፍ ማድረግ ይበቃል። ሦስተኛው፣ ካሮት የያዘውን እጅ ተከትላ በራሷ ዙሪያ መዞር ነው። አራተኛው መዝለል ሲሆን፣ በትሩ በመጀመሪያ ከመሬት ላይ ይጋደም፤ ሳትፈራ ስትሻገረው አራት ጣት ያህል ይነሣ። ለእያንዳንዱ ትምህርት በአንድ ጊዜ ከአምስት ደቂቃ አይለፍ፤ በቀን ሁለት ጊዜ ይበቃል።

ይህ ሥርዓት ለእኛ አዲስ አይደለም። በአብነት ትምህርት ቤት ሕፃኑ ፊደል ሳይለይ ዳዊት አይሰጠውም። ፊደሉን ከለየ በኋላ በግእዝ ንባብ፣ በውርድ ንባብ፣ በቁም ንባብ እየተመራ ይወጣል፤ አንዱ ደረጃ ሳይጸና ወደሚቀጥለው አይተላለፍም። ጥንቸሊቱ በትሩን መዝለል እምቢ ባለች ጊዜም መምህሯ በትሩን መልሶ ያውርድ እንጂ አይገፍትራት። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለው የአባቶች ብሂል ለዚህ የተነገረ ይመስላል።

የውጭ አገር ሊቃውንትም ይህንን በፈተና አረጋግጠውታል። አሜሪካዊው ኤድዋርድ ቶርንዳይክ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1898 ባሳተመው ጥናት፣ ድመቶችን በሣጥን ዘግቶ መዝጊያውን መክፈት እንዴት እንደሚማሩ ተመለከተ፤ መልካም ውጤት ያስገኘላቸውን ሥራ እየደጋገሙ፣ ያልጠቀማቸውን እየተዉ እንደሚሄዱም አስረዳ። ልዩ ልዩ እንስሳትን ለትርኢት ያሠለጥኑ የነበሩት ኬለር ብሬላንድና ባለቤቱ ማሪያን ደግሞ በ1961 የዋጋን ወሰን የሚያሳይ ነገር ጻፉ። አሳማዎች የእንጨት ገንዘብ እያነሡ በአንድ ዕቃ ውስጥ እንዲጥሉ በምግብ ዋጋ አስተማሯቸው። አሳማዎቹም በመጀመሪያ ፈጥነው ሠሩ፤ ከሳምንታት በኋላ ግን ገንዘቡን ጥለው እንደ ዘራቸው ልማድ በአፍንጫቸው መሬት ይገፉት ጀመር። እንግዲህ ለጥንቸል የሚመረጠው ጨዋታ ከጠባይዋ የተወሰደ ይሁን። መዝለል፣ መቆም፣ መዞር ተፈጥሮዋ ነው። በጀርባ መተኛትና ልብስ ለብሶ መንጐራደድ ግን ለእርሷ ሥቃይ፣ ለተመልካቹም ከንቱ ሣቅ ነው።

አርጩሜ የተከለከለ ሰው ረኀብን በምትኩ እንዳያነሣ እናስጠንቅቅ። የጥንቸል ሆድ ሳያቋርጥ መሥራት አለበት፤ አንድ ቀን እንኳ ሳትበላ ብትውል ለሞት ልትደርስ ትችላለች። ጥርሷም ዕድሜዋን ሙሉ ስለሚያድግ ድርቆሽ እያኘከች ልትሞርደው ይገባል። ስለዚህ ድርቆሽና ንጹሕ ውኃ ከፊቷ አይጥፋ። ካሮት ስኳር ያለበት ስለ ሆነ ለዋጋ ብቻ ይሰጥ። ሽንኩርትና አቮካዶ ግን ከቶ አይቅረብላት።

አሁን ወደ ወላጆች ልመለስ። ሕፃኑ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ቀን መቈጣቱ አይቀርም፤ «ትናንት የሠራችውን ዛሬ እምቢ አለች» ብሎ እጁን ያነሣል። የቤቱ ትልቅ ትምህርት የሚሰጠው በዚያች ሰዓት ነው። አባት ወይም እናት በልጁ ላይ ቢጮኹ፣ ልጁ የሚማረው ታናሹን መምታት የታላቅ ወግ መሆኑን ነው። ይልቅስ «ምን አይታ ይሆን?» ብለው ይጠይቁት። በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 22 በለዓም አህያውን ሦስት ጊዜ መታ፤ መንገድ የሳተችበት መስሎት ነበር፤ አህያይቱ ያየችውን መልአክ ግን እርሱ አላየም። ጥንቸሊቱም ምናልባት ወለሉ አንሸራትቷት፣ የድመት ሽታ ደርሷት፣ ወይም ጥርሷን አሟት ይሆናል። ምክንያቱን ፈልጎ ያገኘ ልጅ ከጨዋታው የሚበልጥ ነገር አግኝቷል።

«ልጅ ጥንቸል አይደለም» የሚለኝ እንደሚኖር አውቃለሁ፤ እውነት ነው። ልጅ አእምሮና ኅሊና ያለው ስለ ሆነ በቃል ሊመከርና ሊገሠጽ ይገባዋል፤ ተግሣጽን አልነቅፍም። ነገር ግን ፍርሃት የልጅን ልቡና ሲይዘው የሚያደርገው ጥንቸልን ከሚያደርጋት አይለይም። ልጁም በልቡ ወደ ጥግ ይሸሻል፤ የሚያውቀውን ፊደል እንኳ ይረሳል። ከጥቍር ሰሌዳ ፊት ቆሞ የመምህሩን እጅ እንጂ ጽሕፈቱን የማያይ ተማሪ ያላጋጠመው መምህር ጥቂት ነው። በ1987 ዓ.ም. የወጣው የአገራችን ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ አካላቸውን ከሚጐዳ ቅጣት ነጻ የመሆን መብት እንዳላቸው ደንግጓል። ሕጉ የመምህሩን እጅ ያግዳል፤ ትዕግሥትን ግን በልቡ ውስጥ መትከል አይቻለውም። እርሱ የሚተከለው በልጅነት፣ በቤት ውስጥ፣ በትንሽ ነገር ነው።

ስለዚህ በቤታችሁ ጥንቸል ያለቻችሁ ወላጆች፤ ልጃችሁ በዚህ ወር አንድ ጨዋታ ብቻ እንዲያስተምራት ፍቀዱለት። ዘለለች አልዘለለች ብላችሁ አትመርምሩት፤ እርሱ ሲጠራት ሳትፈራ ትመጣ እንደ ሆነ ግን ተመልከቱ። ብትመጣ ሁለቱም ተምረዋል።

ለፍጥረቱ ሁሉ የሚራራ አምላክ ለልጆቻችን ጥበብን፣ ለእኛም ለአሳዳጊዎች ትዕግሥትን ያድለን። አሜን።