መኪናው ይውጣ!

በምሕንድስና ወርክሾፓችን ጥግ ሸራ ለብሶ የተቀመጠ አንድ የእሽቅድምድም መኪና አለ። መኪና መባሉ ለክብሩ ነው እንጂ እስከ ዛሬ ድረስ በራሱ ኃይል አንድ ሜትር እንኳ ተንቀሳቅሶ አያውቅም። ተማሪዎች ከኪሳቸው አዋጥተው ሥራውን የጀመሩት በ2014 ዓ.ም. ነበር። እነሆ አራት ዓመት ሆነው። የመጀመሪያውን ቱቦ የበየዱት ልጆች ተመርቀው ሄደዋል፤ አንዳንዶቹም ወልደው ስመዋል፤ መኪናው ግን ገና አልተወለደም።

ስለ ምን ዘገየ? ብለን የጠየቅን እንደ ሆነ ሦስት ዓይነት መልስ ይሰጠናል። ሦስቱንም እንመርምር።

አንደኛው «ገንዘብ የለም» የሚል ነው። ዕቃ መወደዱን ማንም አይክድም። ነገር ግን ሞተሩ ከአሮጌ ሞተር ሳይክል ተነቅሎ፣ ጎማውና ፍሬኑም ከሶማሌ ተራ ተገዝቶ ከገባ ቆይቷል። የጠፋው ዕቃው ሳይሆን ዕቃውን የሚያጋጥም እጅ ነው። ኮሊን ቻፕማን የተባለው እንግሊዛዊ፣ በለንደን ምሕንድስና የተማረ ወጣት፣ እ.ኤ.አ. በ1948 የመጀመሪያ መኪናውን ሠርቶ ያወጣው ከአንድ አሮጌ ኦስቲን ሰቨን ተነሥቶ፣ በፍቅረኛው ወላጆች ጋራዥ ውስጥ ነበር። ለአካሉም ኮምፔርሳቶ ተጠቀመ። ያ መኪና የሎተስ መነሻ ሆነ፤ ከ15 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1963፣ ሎተስ የፎርሙላ 1 የዓለም ሻምፒዮና ባለቤት ለመሆን በቃ። ቻፕማን እንከን የሌለበት መኪና እስኪነድፍ ቢጠብቅ ኖሮ ዛሬ ስሙን ማን ያነሣው ነበር?

ሁለተኛው መልስ «ንድፉ መሻሻል አለበት» የሚል ነው። ዋናው በሽታ ይኸ ነው። በየዓመቱ አዲስ ኮሚቴ ይመረጣል፤ ኮምፒዩተሩን ይከፍታል፤ በቀደሙት ሥዕል ይስቃል፤ አምና የተበየደውን ሻንሲ ዘንድሮ በመጋዝ ይቆርጣል። ስንናገርም «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይሉናል። መልካም! ነገር ግን እንቁላሉ በእግሩ የሄደው ታቅፎ ስለ ተፈለፈለ ነው እንጂ በየዓመቱ እየተሰበረ አዲስ ስለ ተጣለ አይደለም።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መኪና ሠርተው የሚፎካከሩበት ፎርሙላ ኤስ.ኤ.ኢ. የተባለው ውድድር እ.ኤ.አ. በ1981 በአሜሪካ፣ በቴክሳስ ተጀመረ። ኮሚቴያችን ደንቡን አትሞ ግድግዳ ላይ ለጥፎታል፤ እኛ ደግሞ ነጥቡን እንቁጠርለት። ከጠቅላላው 1000 ነጥብ ለንድፍ የተመደበው 150 ብቻ ነው። 675ቱ ግን የሚገኘው መኪናው ሲነዳ ነው። ከዚህም ውስጥ 275ቱ 22 ኪሎ ሜትር ያህል ሮጦ ለሚጨርስ መኪና የተመደበ ነው። ከአንደኛ ደረጃ ንድፍ ጋር ቆሞ የቀረ መኪና፣ ንድፉ መካከለኛ ሆኖ ከሚሮጥ መኪና በታች ይውላል ማለት ነው።

ሦስተኛው መልስ አዲስ ነው፤ «ዘመኑ የኤሌክትሪክ ስለ ሆነ ከሥሩ እንጀምር» ይላል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ማገዱን ይጠቅሳሉ። እ.ኤ.አ. በ2023 የስዊስ ተማሪዎች የሠሩት የኤሌክትሪክ መኪና ከቆመበት ተነሥቶ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ላይ ለመድረስ 0.956 ሴኮንድ ብቻ እንደ ፈጀበትም ይነግሩናል። እውነት ነው። የማይነግሩን ግን የዙሪኩ ክለብ እ.ኤ.አ. በ2006 ተቋቁሞ በመጀመሪያ የሠራው በቤንዚን የሚሄድ መኪና መሆኑን ነው። ወደ ኤሌክትሪክ የተሻገረው እ.ኤ.አ. በ2010፣ መኪና መጨረስን ከተማረ በኋላ ነው። የኤሌክትሪኩ መኪና ሁለተኛው መኪናችን ይሁን፤ አንደኛው የሌለው ሁለተኛ ግን ከወዴት ይመጣል? ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ!

እንግዲህ እውነተኛው ምክንያት ምንድን ነው? በወረቀት ላይ ያለ መኪና አያሳፍርም። የሚነዳ መኪና ግን በሰው ፊት ሊቆም፣ ዘይት ሊያፈስ፣ ፍሪሲዮኑ ሊቃጠል ይችላል። ከዚህም በላይ «የእሽቅድምድም መኪና ፕሮጀክት ኃላፊ» የሚለው ማዕረግ ለሥራ ማመልከቻ ያገለግላል፤ መኪናው ቢያልቅም ባያልቅም ማዕረጉ አይቀነስም። ጉዳቱ የሚያርፈው መፍቻ ሳይጨብጥ፣ ወለል እየጠረገ አራት ዓመት ጨርሶ በሚመረቀው ተማሪ ላይ ነው። ይኸ ተማሪ ነገ ፋብሪካ ገብቶ የተሰበረ መሣሪያ ሲያጋጥመው ሌላ ሥዕል ሊሥል ነውን?

ስለዚህ የምንጠይቀው አራት ነገር ነው።

፩ኛ/ ንድፉ ከዛሬ ጀምሮ ይዘጋ፤ አዲስ ሐሳብ ያለው ለሚቀጥለው መኪና ይጻፈው።

፪ኛ/ የወርክሾፑ ቁልፍ ቅዳሜና እሑድ ለተማሪዎች ይሰጥ።

፫ኛ/ የተሠራውና የተበላሸው ሁሉ በአንድ መዝገብ ይጻፍ፤ ተመራቂዎችም መዝገቡን ሳያስረክቡ አይሂዱ።

፬ኛ/ መኪናው ከዚህ ዓመት ምረቃ በፊት በግቢያችን ውስጥ፣ በሁላችን ፊት ይነዳ።

ቢሰበርስ? ይሰበር! የተሰበረውን እንጠግናለን፤ ከዚያም ምን እንደ ሰበረው እናውቃለን። ከሸራ በታች ያለ መኪና ግን አንድም ቀን አይሰበርም፤ አንድም ቀን አያስተምርም።

ከአራተኛ ዓመት የመካኒካል ምሕንድስና ተማሪ