የነዳጅ አለቱ ጥበብ ለጎጃም በርበሬ

የነዳጅ ባለሙያዎች ካርቦን ዳይኦክሳይድን በከፍተኛ ግፊት ወደ ምድር ጥልቀት እያስገቡ፣ በአለት ቀዳዳዎች ተጣብቆ የቀረውን ድፍድፍ ዘይት ማውጣት ከጀመሩ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ሳክሮክ በተባለው የቴክሳስ የነዳጅ መስክ ሥራው በ1972 እ.ኤ.አ. በሰፊው ተጀመረ። ዛሬ ምርምሩ ውሃ እንኳ በቀላሉ ወደማያልፍባቸው ጥብቅ አለቶች ደርሷል። የነዳጅ ጉድጓድ በሌለበት በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ምድር ይህ ምን ያገባናል የሚል አንባቢ አይጠፋም። እኛ ግን ያገባናል እንላለን።

እንደሚታወቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጠላ ሲፈላ ከጋኑ የሚወጣው ጋዝ ነው። ሙቀቱ ከ31 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ግፊቱም ከተለመደው የአየር ግፊት 73 እጥፍ ሲያልፍ ግን ጋዝም ፈሳሽም ከመባል ይወጣና ሱፐርክሪቲካል የሚባለውን ጠባይ ይይዛል። እንደ ፈሳሽ ዘይትን ያሟሟል፤ እንደ ጋዝ ደግሞ በጠባብ ቀዳዳ ሾልኮ ይገባል። በአለቱ ውስጥ ከዘይቱ ጋር ሲቀላቀል ዘይቱ ያብጣል፣ ይቀጥናል፣ ወደ ጉድጓዱም ይፈስሳል።

የተፈጨ በርበሬም በዚህ ረገድ ከአለቱ ብዙ አይለይም። የሚያቃጥለው ንጥረ ነገርና ቀይ ቀለሙ ሁለቱም በዘይት የሚሟሙ ናቸው። ጋዙ በዝቅተኛው ግፊት ይበልጡን የሚያቃጥለውን፣ በከፍተኛው ደግሞ ቀለሙን ይዞ ይወጣል። ግፊቱ ሲቀነስ ጋዙ ራሱ ተለይቶ ይሄዳል፤ ጭማቂው ብቻ ይቀራል። በሄክሳን ሲሠራ ግን የሟሚውን ቅሪት በሙቀት ማስወገድ ግድ ይላል። ነገሩ አዲስ አይደለም፤ ጀርመናዊው ኬሚስት ኩርት ዞዝል በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ካፌይንን ከቡና ለማውጣት የደረሰበት መንገድ ይኸው ነው።

የጃቢ ጠህናንና የቡሬ በርበሬ በአብዛኛው በጆንያ ታጭቆ፣ በኪሎ ተመዝኖ ይሸጣል። የሚያቃጥል ኃይሉና የቀለሙ ድምቀት በሚዛን ላይ አይታዩም። ስለዚህ አርሶ አደሩ የሚከፈለው ለክብደቱ እንጂ ለጥራቱ አይደለም፤ ቁም ነገሩም እዚህ ላይ ነው።

በ2013 ዓ.ም. በቡሬ የተመረቀው የፊቤላ የምግብ ዘይት ፋብሪካ፣ ትልቅ ማቀነባበሪያ በዚህ ምድር ሊቆም እንደሚችል አሳይቷል። ይሁን እንጂ በዚህ ጋዝ የኑግ ዘይት እናውጣ አንልም። ግፊቱን የሚችለው ጋን ውድ ነው፣ ኃይልም ይፈልጋል፤ ለኑግ መጭመቂያው ይበቃል፣ የሚተርፈው ፋጉሎም ለከብት ይሆናል። የበርበሬ ጭማቂ ግን ክብደቱ ትንሽ፣ ዋጋው ከፍ ያለ በመሆኑ ወጪውን ለመሸከም የተሻለ ዕድል አለው።

ፋብሪካ ከመታሰቡ በፊት መለካት ይቀድማል። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚካል ምሕንድስና መምህራንና የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች በአነስተኛ የቤተ ሙከራ መሣሪያ የየወረዳውን በርበሬ የማቃጠል ኃይልና ቀለም ቢመዘግቡ፣ የሚፈጀውን ኤሌክትሪክ ቢያሰሉ፣ ጭማቂው ከወጣ በኋላ የሚቀረው ዱቄት ለምን እንደሚውል ቢመረምሩ፣ ባለሀብቱም ገበሬውም በቁጥር ይነጋገራሉ። ፋብሪካው ባይቆም እንኳ ልኬቱ አይባክንም፤ ገበሬው ምርቱን ይዞ ገበያ ሲወጣ ከኪሎው ሌላ የሚጠቅሰው ቁጥር ይኖረዋል።