ድመት የራሷ ገበታ ይኑራት

ውሻንና ድመትን በአንድ ግቢ ማኖር በከተማም ሆነ በገጠር የቆየ ልማድ ነው። ውሻው ሌሊት ደጅ እንዲጠብቅ፣ ድመቷም እህሉን ከአይጥ እንድትከላከል ይያዛሉ። የሥራቸው መለያየት ለማንም ግልጽ ነው። ወደ ምግባቸው ሲመጣ ግን ልዩነታቸው ይዘነጋል። ከማዕድ የተረፈው እንጀራና ወጥ በአንድ አሮጌ ሳህን ተገልብጦ ከማዕድ ቤቱ ደጃፍ ይቀመጥና «እነሱ ይተዋወቃሉ» ተብሎ በሩ ይዘጋል። በእርግጥም ይተዋወቃሉ፤ ድመቷ የውሻውን ጥርስ ታውቃለች፣ ውሻውም ድመቷ እንደምታውቅ ያውቃል።

እንደ እኔ አስተያየት ይህ ልማድ ሊቀር ይገባዋል። ድመት ውሻ የማይደርስበት የራሷ የመመገቢያ ስፍራ ያስፈልጋታል። ይህንንም ማዘጋጀት የቤቱ ባለቤት ግዴታ ነው እንጂ ለውሻው ጨዋነት የሚተው ጉዳይ አይደለም።

ወደዚህ አስተያየት ያደረሰኝ በገዛ ቤቴ የደረሰ ነገር ነው። ውሮ እያልን የምንጠራት ግራጫ ድመት አለችን። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከጓዳው እንጨት ጀርባ አራት ግልገሎች ወለደች። አራስ ናትና እንድትጠገን ብለን ከሥጋ ቤት ሳንባ እየገዛን፣ ቀቅለንና ከትፈን ጧትና ማታ እናስቀምጥላት ነበር። ሳህኑ ሁልጊዜ ተልሶ ባዶውን ይገኛል፤ እኛም በላች ብለን ደስ ይለናል። በሁለተኛው ሳምንት ግን የጎድን አጥንቷ ይቆጠር ጀመር። እናቴ «ትል ሳይኖርባት አይቀርም» አለች፤ እኔም መድኃኒት ገዝቼ መጣሁ። በሦስተኛው ሳምንት ከግልገሎቹ አንዱ ሞቶ ተገኘ።

ነገሩን መከታተል ያሰብኩት ያን ዕለት ነው። ሳህኑን እንደ ወትሮው አስቀምጬ በሩን ዘጋሁና በመስኮት አጮልቄ መመልከት ጀመርኩ። ውሮ ከጓዳ ወጥታ ሁለት ጊዜ ያህል እንደ ጎረሰች ቡቺ፣ ውሻችን፣ ከመኝታው ተነሥቶ ተንጠራራ። አልጮኸም፤ አላጉረመረመም። ዝም ብሎ ቀረብ ሲል እርሷ ወደ ኋላ ሸሸች። ከዚያ በኋላ የሆነውን ለመናገር የወሰደው ጊዜ ራሱ ከሚነገርበት ያነሰ ነበር። ሳህኑን ልሶ፣ ከንፈሩን ጠርጎ፣ ተመልሶ ተኛ። ያፈርኩት በውሻው አልነበረም። የድመቷን ሳህን ከውሻው መኝታ ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ሳስቀምጥ የሰነበትኩት እኔ ነበርኩ፤ ለሚያጠባ ፍጡር ከወትሮው እጥፍና ከዚያም በላይ ምግብ እንደሚያስፈልግ እያወቅሁ፣ የሰጠኋት እየመሰለኝ ለሌላው ስሰጥ ኖሬአለሁ።

የመጀመሪያው እርምጃዬ፣ እንደ ብዙው ሰው፣ ዱላ ማንሣት ነበር። ይህም ስሕተት መሆኑን ለመረዳት ብዙ ቀን አልፈጀብኝም። ውሻ ከበላ በኋላ ቢመታ ዱላውን ከቅድሙ ድርጊቱ ጋር ማገናኘት አይችልም። ሲበላ ተይዞ ቢመታም የሚማረው «የድመት ምግብ አይነካም» የሚለውን ሳይሆን «ይህ ሰው ባለበት አይበላም» የሚለውን ነው። ቡቺም እንዲሁ አደረገ፦ እኔ ስኖር ፊቱን አዙሮ ይተኛል፤ ዘወር ስል ከቀድሞው ይበልጥ ፈጥኖ ይውጣል። ምግብ ያገኘ ውሻ መብላቱ ተፈጥሮው ነው፤ ሌባ ማለትም አይገባም።

እዚህ ላይ ሁለቱ እንስሳት በአመጋገብ ምን ያህል እንደሚለያዩ መመልከት ያስፈልጋል። ውሻ ከሰው ጋር ብዙ ሺህ ዓመታት ሲኖር የሰውን ትራፊ መመገብ ለምዷል። እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ2013 የታተመ የዘረ መል ጥናት እንዳመለከተው፣ ውሻን ከተኩላ ከሚለዩት ነገሮች አንዱ በእህልና በድንች ውስጥ የሚገኘውን ስታርች የመፍጨት ችሎታው የዳበረ መሆኑ ነው። ስለዚህ የእንጀራ ፍርፋሪ ለውሻ ብቻውን በቂ ባይሆንም ይጠቅመዋል። ድመት ግን የጠባይ ሳይሆን የግድ ሥጋ በል ናት። ታውሪን የተባለውን ንጥረ ነገር ውሻ በአብዛኛው በሰውነቱ ውስጥ ይሠራዋል፤ ድመት ግን በበቂ መጠን ልትሠራው ስለማትችል ከሥጋ፣ ከዓሣ ወይም ከያዘችው አይጥ ማግኘት አለባት። ታውሪን የጎደለው ምግብ የድመትን ዐይን ውስጣዊ ሽፋን አበላሽቶ እንደሚያሳውር በ1975 ተረጋገጠ፤ የልብ ጡንቻዋንም እንደሚያደክም በ1987 ታወቀ። ቫይታሚን ኤንም ውሻ ከካሮት ቢጤ አትክልት ሊያዘጋጅ ሲችል፣ ድመት ግን እንደ ጉበት ካለ የእንስሳት ምግብ ካላገኘች ሌላ መንገድ የላትም።

እንግዲህ ውሻው የድመቷን ሳንባ በልቶ ለእርሷ ሽሮ የነካው እንጀራ ቢተርፋት ተካፍለው በሉ ማለት አይቻልም። (በነገራችን ላይ፣ ሽንኩርት የበዛበት ወጥ ለሁለቱም መርዝነት አለው፤ ቀይ የደም ሕዋሳትን ይጎዳል፤ ድመት ደግሞ ይበልጥ አትችለውም። ወጣችን ያለ ሽንኩርት ስለማይሠራ ይህን ማወቁ አይከፋም።)

የአበላላቸው ሁኔታም ይለያያል። ውሻ ያገኘውን ባንድ ጊዜ ዋጥ አድርጎ ይጨርሳል። ድመት ግን ጥቂት ቀምሳ ትሄዳለች፤ ቆይታም ትመለሳለች፤ በአንድ ቀንና ሌሊት ውስጥ ብዙ ጊዜ በትንሽ በትንሹ መብላት ተፈጥሮዋ ነው። በዚህ ምክንያት ሳህኗ ለረጅም ሰዓት ተቀምጦ መቆየት አለበት። ሰው ቆሞ ሲጠብቅ ሊውል አይችልምና ጥበቃው በቦታው አቀማመጥ መገኘት ይኖርበታል።

ይህን አስተያየት የሚቃወሙ ሰዎች አንድ የቆየ ክርክር አላቸው፦ «ድመት ከጠገበች አይጥ አትይዝም፤ ውሻው ቢበላባት ለሥራዋ ይበጃል» ይላሉ። ክርክሩ ከእውነት ፈጽሞ የራቀ ነው አልልም። በ2021 ስለ እንግሊዝ አገር ድመቶች የታተመ ጥናት፣ ሥጋ የበዛበት ጥሩ ምግብ የተሰጣቸው ድመቶች አድነው ወደ ቤት የሚያመጡት እንስሳ በ36 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል። ነገር ግን ቀነሰ እንጂ አልቆመም። እንዲያውም በ1976 በታተመ ሌላ ጥናት፣ ድመቶች የሚወዱትን ምግብ እየበሉ ሳለ አይጥ ሲመጣ ምግባቸውን ትተው አይጡን ገድለዋል። ማደን ከረኃብ ብቻ የሚመነጭ አይደለም ማለት ነው። በሌላ በኩል ደግሞ የተራበች ድመት አይጥ ፍለጋ ብቻ አትወጣም፤ የድስት ክዳን ትገለብጣለች፣ የጎረቤትን ጫጩት ትነጥቃለች፣ በመጨረሻም ቤት ትለውጣለች። ውሻ በበላበት ይጮኻል ተብሎ ስለሚነገር ውሻን ማብላት ማንም አይረሳም፤ ስለ ድመት የምንተርተው ግን በአብዛኛው አመሏን ለመንቀፍ ነው። ዳኝነታችን ከመጀመሪያውም ያዘነበለ ይመስለኛል።

ሌላም የሚነሣ ነገር አለ። በጾም ወራት፣ በተለይም በ55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት፣ በጾመኛ ቤት ሥጋ ስለማይገባ ለድመቷ የሚተርፍ ነገር አይኖርም። ጾሙ ግን የሰው ነው። በእነዚህ ቀናት ቀደም ሲል ተቀቅሎ በማቀዝቀዣ የተቀመጠ ሳንባ ወይም ጥቂት ዓሣ ሊፈለግላት ይገባል፤ በብዙ ድካም የተገኘችው ያቺ ቁራሽም በውሻ አፍ ስትገባ ማየት ከሌላው ጊዜ ይልቅ ታሳዝናለች።

ጉዳዩን የድመት ብቻ አድርገው ለሚያዩም አንድ ነገር ልጨምር። የእኅቴ ልጅ በስድስት ዓመቱ ቤታችን ሰንብቶ ሳለ፣ ቡቺ ከውሮ ሳህን ሲበላ ደረሰበትና «የእርሷን ነው!» ብሎ ሊነጥቀው እጁን ሰደደ። ልጁን ነክሶ የማያውቅ ውሻ ነከሰው። ቁስሉ ጥልቅ አልነበረም፤ ውሻውም በወቅቱ ተከትቦ ነበር። ቢሆንም ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ አጥበን ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድነው። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት ስለሌለው፣ በአገራችንም ዛሬም ሰው ስለሚገድል፣ «ትንሽ ጭረት ናት» ብሎ መተው አይቻልም። የዚያን ቀን የተጣላነው በአንዲት ጭብጥ ሳንባ ነበር፤ ልጁም ከሁላችን ይልቅ ፍትሕ የገባው እርሱ ነበር።

መፍትሔው ከችግሩ ይልቅ ቀላል ነው። ድመት ትዘልላለች፤ ውሻ በአብዛኛው አይዘልም። ስለዚህ ሳህኑን ከመሬት ማንሣት ይበቃል፦ የመስኮት ደፍ፣ አሮጌ መደርደሪያ፣ ወይም በግድግዳ ላይ የተመታ አንድ ጣውላ። ቁመቱ ውሻው በኋላ እግሩ ቆሞ ከሚደርስበት በላይ ይሁን። ላረጀች ወይም ላረገዘች ድመት መሐል ላይ መረገጫ የሚሆን ሣጥን ይቀመጥላት፤ ሣጥኑ ግን ለውሻውም ደረጃ እንዳይሆነው ጠባብ መሆን አለበት። ትልቅ ውሻ ያለው ሰው በጓዳው በር ግርጌ ድመት ብቻ የምታልፍበት ቀዳዳ ሊያወጣ ይችላል፤ ወይም በሩን ለእርሷ ብቻ በሚበቃ ስንጥቅ ከፍቶ በገመድ ያስር። ትንሽ ውሻ ያለው ግን በቀዳዳ አይመካ። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል እንደሚባለው፣ ለድመት በተቀደደውም ቡችላ ይገባል።

ውሻውም መረሳት የለበትም። ድመቷ ከምትመገብበት ሰዓት ጋር ለእርሱም በወዲያኛው የግቢ ጫፍ ቢሰጠው የሚቀናበት ምክንያት ይቀንሳል። ከውጭ አገር የሚመጣውን ደረቅ የድመት ምግብ የሚገዙ የከተማ ቤተሰቦችም ይህ ምግብ ፕሮቲንና ስብ የበዛበት መሆኑን ይገንዘቡ፤ ውሻ ሲያዘወትረው ይወፍራል፣ ስቡም ሆዱን ሊያውክ፣ ቆሽቱንም ሊያስቆጣ ይችላል። ስለዚህ ሳህኑን ከውሻው ማራቅ የሚጠቅመው ድመቷን ብቻ አይደለም።

እኛ ቤት በማዕድ ቤቱ ግድግዳ ላይ ጣውላው ከተመታ ወዲህ ውሮ ሥጋ ለብሳለች፤ የተረፉት ሦስቱ ግልገሎችም አድገው ለዘመድ ተሰጥተዋል። ቡቺ በምግብ ሰዓት ከጣውላው ሥር ቁጭ ብሎ ወደ ላይ ይመለከታል፤ አልፎ አልፎ አንዲት ቁራጭ ትወድቅለታለች፤ እርሷንም ማንም አይከለክለውም። አሁን የቸገረን ሌላ ነው። የጎረቤታችን ወንድ ድመት ጣውላው ያለበትን ስፍራ ለይቶ አውቆ ማታ ማታ በመስኮት መግባት ጀምሯል። እርሱ ደግሞ መዝለል ያውቃል።