ከአቅም በላይ የሆነ ዕዳ፦ የማገገሚያው ሕግ ለማን በር ይከፍታል?

በእስራኤል የሚኖር ሰው ዕዳው ከመክፈል አቅሙ በላይ ሲሆንበት የሚከተለው ሕጋዊ መንገድ እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 15 ቀን 2019 ጀምሮ ተለውጧል። ክኔሴት በ2018 ያጸደቀው የዕዳ መክፈል አለመቻልና የኢኮኖሚ ማገገሚያ ሕግ በዚያን ቀን ሥራ ላይ ሲውል፣ መነሻው ከእንግሊዝ የሞግዚትነት ዘመን የሆነውን የቀድሞውን የክስረት ድንጋጌ ተክቷል። የለውጡ ፍሬ ነገር በሕጉ የመጀመሪያ አንቀጽ ላይ ሰፍሯል። ሕጉ ባለዕዳውን በተቻለ መጠን በኢኮኖሚ እንዲያገግም ማድረግን፣ ለባለገንዘቦች የሚከፈለውን ድርሻ ከፍ ማድረግን፣ እንዲሁም ግለሰቡን ወደ ኢኮኖሚው ኑሮ መልሶ ማስገባትን ዓላማው አድርጎ ያስቀምጣል።

ይህም ሆኖ ሕጉ ሊጠቅማቸው ከሚገቡ ዝቅተኛ ገቢ ካላቸው ቤተሰቦች ዘንድ ሁለት የተሳሳቱ ግምቶች አሁንም ይደመጣሉ። አንዳንዶች ሂደቱን ንብረት ለሌለው የማይሆን የነጋዴዎች ጉዳይ አድርገው ስለሚያዩት ደመወዛቸውና የባንክ ሂሳባቸው እስኪታገድ ድረስ ይጠብቃሉ። ሌሎች ደግሞ ማመልከቻ ማስገባት ብቻውን ዕዳን የሚሰርዝ ይመስላቸዋል። ሁለቱም ግምቶች ዋጋ ያስከፍላሉ። ሕጉ የሚያቀርበው ዕድል በውል ይመሰላል፤ ባለዕዳው የኑሮውን ሁኔታ ሳይደብቅ ያቀርባል፣ ለተወሰነ ጊዜ እንደ አቅሙ ይከፍላል፣ በምላሹም ከቀሪው ዕዳ ነጻ ይወጣል።

ምን ተለወጠ?

ከ2019 በፊት ዝቅተኛ ገቢ ያለው ባለዕዳ ከሁለት መንገዶች አንዱን ይከተል ነበር። አንደኛው በአውራጃ ፍርድ ቤት የሚታየው የክስረት ሂደት ነው። ሁለተኛው በዕዳ አስፈጻሚው መሥሪያ ቤት፣ በተለምዶ ሆጻኣ ላፖዓል በሚባለው ዘንድ፣ አቅሙ የተወሰነ ባለዕዳ ተብሎ መመዝገብ ነበር። በዚህ በሁለተኛው መንገድ ብዙዎች ለዓመታት አነስተኛ ወርኃዊ ክፍያ ሲከፍሉ ቢቆዩም፣ ወለዱ ክፍያውን እየበላው ዋናው ዕዳ ሳይቀንስ ይቀር ነበር። ማብቂያው የታወቀ ቀን አልነበረም።

አዲሱ ሕግ ያመጣው ዋነኛ ነገር ይህ ማብቂያ ነው። ሂደቱ በመደበኛው አካሄድ አንድ ዓመት ገደማ የሚወስድ የማጣሪያ ጊዜና ሦስት ዓመት የሚቆይ የክፍያ ጊዜ አለው። የግለሰቦች ጉዳይም ከአውራጃ ፍርድ ቤት ወደ ሰላም ፍርድ ቤት ወርዷል።

ማመልከት የሚችለው ማን ነው?

ሕጉ የሚጠይቀው መለኪያ አንድ ነው፦ ባለዕዳው ዕዳውን በመክፈያ ጊዜው መክፈል ይችላል ወይስ አይችልም? ስለዚህ ሥራ ያለው፣ ደመወዝ የሚቀበል፣ አልፎም መኪና ያለው ሰው እንኳ የመክፈያው ቀን ሲደርስ መክፈል ካልቻለ በሕጉ ሊታቀፍ ይችላል። በሌላ በኩል ዕዳው ትልቅ ቢሆንም በወቅቱ ለመክፈል የሚያስችል ገቢ ወይም ንብረት ያለው ሰው መለኪያውን አያሟላም።

ማመልከቻው የሚቀርብበትን ቦታ የሚወስነው የዕዳው ጠቅላላ መጠን ነው። ሕጉ ሲወጣ የተቀመጡት ወሰኖች 50,000 እና 150,000 ሸቅል ሲሆኑ፣ መጠናቸው በየጊዜው ከዋጋ ለውጥ ጋር ይስተካከላል። በሁለቱ ወሰኖች መካከል ያለ ዕዳ በሆጻኣ ላፖዓል መዝጋቢ ዘንድ ይታያል። ከላይኛው ወሰን ያለፈ ዕዳ ያለበት ሰው ደግሞ ማመልከቻውን በፍትሕ ሚኒስቴር ሥር ላለው የሂደቱ ኃላፊ፣ በዕብራይስጥ ሜሙኔ ለሚባለው፣ ያቀርባል። ከማመልከት በፊት በዕለቱ የሚሠራበትን የወሰን መጠን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ባለዕዳ የሚባለው ግለሰቡ እንጂ ቤተሰቡ አይደለም። ሚስት በባልዋ ብድር ላይ ካልፈረመች የባልዋ ማመልከቻ እርሷን ባለዕዳ አያደርጋትም። አብራ ከፈረመች ግን የእርሱ ነጻ መውጣት ለእርሷ አይሆናትም፤ የራሷን ጉዳይ ማንሳት ይኖርባታል። ወርኃዊው ክፍያ ሲወሰን ግን የቤተሰቡ አባላት ገቢና ወጪ በአንድነት ይመረመራል።

ሂደቱ በተግባር

ማመልከቻው የዕዳዎችና የባለገንዘቦች ዝርዝር፣ የንብረት መግለጫ፣ የቤተሰቡ ገቢና ወጪ፣ የባንክ ሂሳብ መግለጫዎች፣ የደመወዝ ወረቀቶችና ከቢቱዋሕ ለኡሚ የሚገኙ የድጎማ ማረጋገጫዎችን ይይዛል። ዕዳው እንዴት እንደተፈጠረ የሚያስረዳ ጽሑፍም ይጠየቃል። ይህ ጽሑፍ እንደ ቀላል ፎርም ሊታይ አይገባም። ከሥራ መባረር፣ ሕመም፣ ፍቺ ወይም ለሌላ ሰው የገቡት ዋስትና ለዕዳው ምክንያት ከሆነ፣ ይህን ቀንና ማስረጃ ጠቅሶ የሚያስረዳ አመልካች የኋላውን ምርመራ ለራሱ ያቀልለታል።

ማመልከቻው ተቀባይነት ሲያገኝ ሂደቱ መከፈቱን የሚገልጽ ትእዛዝ ይሰጣል። ከዚያ በኋላ ከትእዛዙ በፊት በተፈጠሩ ዕዳዎች ላይ ይካሄዱ የነበሩ የማስከፈያ እርምጃዎች ይቆማሉ፤ ባለገንዘቦችም ጥያቄያቸውን በሂደቱ ውስጥ ብቻ እንዲያቀርቡ ይደረጋል። ባለዕዳውም ከዚሁ ጊዜ ጀምሮ የተወሰነለትን ወርኃዊ ክፍያ ይከፍላል። በሜሙኔው መንገድ ነእማን የሚባል ባለአደራ ይሾማል፤ እርሱም ንብረቱን፣ ገቢውንና ዕዳው የተፈጠረበትን ሁኔታ ያጣራል። በማጣሪያው መጨረሻ ፍርድ ቤቱ የማገገሚያውን ትእዛዝ ይሰጣል፤ የክፍያውን መጠንና ጊዜም ይወስናል።

የስሌቱን መልክ ለማሳየት አንድ ምሳሌ ይበቃል። 240,000 ሸቅል ዕዳ ያለባት፣ በጽዳት ሥራ የምትተዳደር የልጆች እናት ወርኃዊ ክፍያዋ 500 ሸቅል ሆኖ ተወሰነ እንበል። በማጣሪያው ዓመት 6,000፣ በሦስቱ የክፍያ ዓመታት 18,000፣ በድምሩ 24,000 ሸቅል ትከፍላለች። ግዴታዎቿን ከተወጣች፣ ሕጉ ነጻ ማውጣትን ከከለከለባቸው ዕዳዎች በስተቀር ከቀሪው ነጻ ትወጣለች፤ ይህም በዕብራይስጥ ሄፍጤር ይባላል። ከዕዳው አንድ አሥረኛውን ከፍላ ማለት ነው። ክፍያው ግን ለሁሉም አንድ አይደለም፤ እንደየሰዉ አቅም ይወሰናል። የክፍያው ጊዜም በባለዕዳው ምግባርና ሁኔታ መነሻነት ሊያጥር ወይም ሊረዝም ይችላል።

ለባለገንዘቦች የሚከፋፈል ንብረት የሌለውና ከኑሮው የሚተርፍ ምንም የመክፈል አቅም የሌለው ሰውም አለ። ለምሳሌ በአካል ጉዳት ወይም በእርጅና ድጎማ ብቻ የሚተዳደር ሰው ሊሆን ይችላል። እንዲህ ላለው ሰው ፍርድ ቤቱ የክፍያ ጊዜ ሳይጥል ወዲያውኑ ከዕዳ ነጻ ሊያወጣው እንደሚችል ሕጉ ይደነግጋል። በተለይ አረጋውያን ይህን ማወቅ ይጠቅማቸዋል።

የማይሰረዙ ዕዳዎች

መቀጮዎች፣ በማታለል የተፈጠሩ ዕዳዎች እና በልዩ ምክንያት ፍርድ ቤቱ ካልፈቀደ በስተቀር የቀለብ ዕዳ ከነጻነቱ ውጪ ናቸው። በመያዣ የተያዘ ብድርም፣ እንደ ቤት ብድር ያለው፣ የተለየ ነው፤ ባንኩ በመያዣው ላይ ያለው መብት በሂደቱ መከፈት ብቻ አይጠፋም። ከትእዛዙ በኋላ የሚመጡ ክፍያዎች፣ ማለትም የቤት ኪራይ፣ አርኖና፣ መብራትና ውኃ፣ በየወሩ መከፈል አለባቸው። ሂደቱ ያለፈውን ዕዳ ያስተካክላል እንጂ አዲስ ዕዳ ለመፍጠር ፈቃድ አይሰጥም። አዲስ ዕዳ መፍጠር ሂደቱን እስከ ማሰረዝ ሊያደርስ ይችላል።

እቁብ፣ ዋስትናና ዘመድ

ከኢትዮጵያ በመጡ ቤተሰቦች ዘንድ ገንዘብ የሚዘዋወረው በባንክ ብቻ አይደለም። የማመልከቻው እውነተኛነት የሚፈተነውም አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው።

ዕጣው ቀድሞ የወጣለትና ቀሪውን መዋጮ መክፈል ያቃተው የእቁብ አባል የእቁብተኞቹ ባለዕዳ ነው። ይህ ዕዳ በጽሑፍ ባይሰፍርም ከባንኩና ከክሬዲት ካርድ ድርጅቱ ዕዳ ጋር በዝርዝሩ ውስጥ መግባት አለበት። ይሉኝታ ይዞት እቁቡን ከዝርዝሩ የሚያወጣና በስውር መክፈሉን የሚቀጥል ሰው አንዱን ባለገንዘብ ከሌላው አስበልጧል። ሕጉ ከማመልከቻው በፊት ባሉት ሦስት ወራት የተፈጸመ እንዲህ ያለ አድልዎ ያለበት ክፍያ እንዲሰረዝ ሊጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። ክፍያው የተፈጸመው ለዘመድ ከሆነ ደግሞ ጊዜው ወደ አንድ ዓመት ይረዝማል። ስለዚህ ለአጎት የተመለሰ ብድር ከአጎት ተመልሶ ሊጠየቅ ይችላል። ከማመልከቻው በፊት መኪናን በወንድም ስም ማዞርም ዘመድን ወደ ሙግት መጎተት ነው።

ዋስትና ሁለት ፊት አለው። ለወዳጁ ዋስ ሆኖ የፈረመ ሰው ወዳጁ መክፈል ሲያቅተው ዕዳው የእርሱም ይሆናል፤ በዝርዝሩም ያስገባዋል። በተቃራኒው የባለዕዳው ነጻ መውጣት ለእርሱ የፈረመለትን ዋስ ነጻ አያወጣም። ስለዚህ ከማመልከት በፊት ለዋሱ መንገር ተገቢ ነው፤ ዋሱ ነገሩን በድንገት ከባንክ ደብዳቤ ከሚሰማ ይልቅ አስቀድሞ ቢያውቅ መፍትሔ ለመፈለግ ጊዜ ያገኛል።

ጎንደር ወይም አዲስ አበባ ላሉ ዘመዶች የሚላክ ገንዘብም በባንክ መግለጫ ላይ ይታያል። ባለአደራው ስለ እርሱ ቢጠይቅ የሚያስደንቅ አይደለም። ለማን፣ ስንት፣ ለምን እንደሚላክ በግልጽ መናገር ያስፈልጋል፤ የተደበቀ ገንዘብ የሚያስከትለው ጥርጣሬ ከተገለጸው ገንዘብ የከበደ ነው።

ሂደቱ የሚያስከፍለው ዋጋ

ትእዛዙ ገደቦችን ይዞ ይመጣል። ባለዕዳው ቼክ መጻፍ አይችልም፣ የክሬዲት ካርድ አጠቃቀሙና ኩባንያ የማቋቋም መብቱ ይገደባል፣ ከአገር መውጣትም ይታገድበታል። ስለ ገቢና ወጪው በየወቅቱ ሪፖርት ያቀርባል። የጉዞው እገዳ በተለይ ወላጅ ወይም እኅት ወንድም ኢትዮጵያ ላሏቸው ሰዎች ከባድ ነው፤ መርዶ ቀጠሮ አይሰጥምና። ሆኖም ለተወሰነ ጉዞ ፈቃድ መጠየቅ ይቻላል። ጥያቄው የጉዞውን ምክንያት፣ የቲኬቱን ወጪ የሚሸፍነውን ሰውና የመመለሻውን ቀን ከማስረጃ ጋር ቢያሳይ ይመረጣል፤ ፈቃዱም ዋስትና ከማቅረብ ጋር ሊያያዝ ይችላል። ወርኃዊ ክፍያውንና ሪፖርቱን ሳያጓድል የቆየ ሰው ጥያቄውን በተሻለ አቋም ያቀርባል።

በእነዚህ ገደቦች ምክንያት መንገዱ ለሁሉም ተገቢ አይደለም። ዕዳው ትንሽ የሆነ፣ ከአንድ ወይም ከሁለት ባለገንዘቦች ጋር የክፍያ ስምምነት ማድረግ የሚችል ሰው በዚያው ቢጨርስ ይሻለዋል። የዕዳው አብዛኛው ክፍል መቀጮና ቀለብ የሆነበት ሰውም ከሂደቱ የሚያገኘው ጥቂት ነው።

እገዛ የሚገኝበት

በፍትሕ ሚኒስቴር ሥር ያለው የሕግ እርዳታ ክፍል፣ ሲዩዓ ሚሽፓቲ፣ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸውን ባለዕዳዎች ይወክላል። በገቢው መለኪያ መሠረት እስከ ሦስት አባላት ያሉት ቤተሰብ ጠቅላላ ገቢ ከአገሪቱ አማካይ ደመወዝ 67 በመቶ ሊበልጥ አይገባም፤ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ሰው 6 በመቶ ይታከላል። ለምሳሌ አምስት አባላት ላሉት ቤተሰብ ወሰኑ 79 በመቶ ይሆናል። ከገቢው በተጨማሪ የንብረት ሁኔታና ጉዳዩ ያለው የሕግ ተስፋ ይመዘናል።

ዕዳ እንሰርዛለን እያሉ አስቀድመው ከፍ ያለ ገንዘብ ከሚጠይቁ አማላጆች መጠንቀቅ ይገባል። ዕዳን መሰረዝ የሚችለው ሕጉ ሥልጣን የሰጠው አካል ብቻ ነው። ማመልከቻው በመሐላ የሚረጋገጥ መግለጫ ስለሆነ፣ ዕብራይስጥ በደንብ የማያነብ ሰው እያንዳንዱ ገጽ ሳይተረጎምለት መፈረም የለበትም። ልጆችን አስተርጓሚ ማድረግም አይመከርም፤ በወላጅ ስም የተሰጠ የተሳሳተ ቃል ተጠያቂ የሚያደርገው ወላጁን ነው።

ሕጉ ባለዕዳን የሚመዝነው በዕዳው ትልቅነት ሳይሆን በቅን ልቦናው ነው። በድሎት የተበደረ፣ ንብረት ያሸሸ ወይም ከባለአደራው ጋር ያልተባበረ ሰው የክፍያ ጊዜው ሊረዝምበት፣ ሂደቱም ሊሰረዝበት ይችላል። ሥራ በማጣት፣ በሕመም ወይም ሌላውን ለመርዳት በገባው ዋስትና ዕዳ ውስጥ የወደቀና ሁሉን ገልጾ የሚያቀርብ ሰው ግን መነሻውም መድረሻውም የሚታወቅ መንገድ አለው። የመጀመሪያው እርምጃ ቀላል ነው፦ ያልተከፈቱትን ደብዳቤዎች ከፍቶ የባለገንዘቦቹን ስምና የዕዳውን መጠን በአንድ ወረቀት ላይ መዘርዘር፤ ያንኑ ወረቀት ይዞም ወደ ሕግ እርዳታው ክፍል መሄድ።